ኮኔክተሩ ፋይሌን አልቀበልም አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። መርካቶ፣ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ቤት ውስጥ የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። የግምጃ ቤታችንን ሲስተም ከፓወር አውቶሜት (ሥራዎችን በራስ ሰር ከሚያስኬደው የማይክሮሶፍት አገልግሎት) ጋር ለማገናኘት የራሳችንን ኮኔክተር (ማገናኛ) ልሥራ ብዬ የኦፕን ኤፒአይ ፋይሉን (ሲስተሙ የሚቀበላቸውን ጥያቄዎች የሚዘረዝረውን) ሳስገባ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈተውና ከላይ ያሉትን መስመሮች እያቸው። የኦፕን ኤፒአይ ስሪት ቁጥሩ 3.0 ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። ኮኔክተሩ የሚቀበለው 2.0ን፣ ስዋገር የሚባለውን ነው። ቀይረውና እንደገና ሞክር። መጠኑም ከ1 ሜጋባይት በታች ይሁን።

ሰርቨሩ እዚያው ቢሮ ውስጥ ከሆነ ክላውዱ በቀጥታ አያገኘውም። ሁለቱን የሚያገናኘውን፣ ዳታ ጌትዌይ የሚባለውን ፕሮግራም እናንተ ጋ ባለ ኮምፒውተር ላይ ጫን።

ሴኪዩሪቲ ገጽ ላይ ኤፒአይ ኪይ (የመግቢያ ቁልፍ) ስትመርጥ የሚጠይቅህ የቁልፉን መጠሪያ ስም ነው፤ ቁልፉን ራሱን አይደለም። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። እኔ ቁልፉን እዚያ ለጥፌ 401 (ማንነትህ አልተረጋገጠም) እያለኝ ሁለት ቀን ሙሉ ሰርቨሩን ስፈትሽ ከርሜአለሁ። ስሙን ሰርቨሩ በሚያውቀው መልክ፣ ሰረዟ እንኳ ሳትቀር ጻፈው። ቁልፉ የሚገባው በኋላ፣ ኮኔክሽን ስትፈጥር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሲስተማችሁ ቀን የሚመዘግበው በኛ አቆጣጠር ከሆነ ያንን ፊልድ ዴት ታይም (የቀንና ሰዓት ዓይነት) አትበለው፤ ስትሪንግ (ተራ ጽሑፍ) አድርገው። ጳጉሜን ሲመጣ ዴት ታይም 13ኛ ወር አያውቅም። ከዚህ የባሰው ግን መስከረም 1ን ዝም ብሎ እንደ ጃንዋሪ 1 መቀበሉ ነው።