ስለ አሮጌ የቲክ ዕቃ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ቲክ ከሚባለው እንጨት ስለተሠራ የስካንዲኔቪያ የቤት ዕቃ ጥያቄ በዝቶብኛል፣ አውሮፓ ያላችሁት ሰከንድ ሀንድ ቤቱን ሁሉ እያሰሳችሁ ነው መሰለኝ። እስቲ እንጀምር።

ጥያቄ፦ የቲክ ጠረጴዛ ላይ ቡና ይፈላል?
መልስ፦ ይቀዳል እንጂ አይፈላም። ጀበናው ማቶቱ ላይ ይቀመጥ፣ ማጨሻው ግን ጭራሽ እንዳይጠጋው።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም ያለች እህታችን የዴንማርክ ቡፌ ገዝታ ላዩ ተቧጭሮባታል፣ የብርጭቆ ምልክትም አለው። ማሽን ተከራይቼ ብርጭቆ ወረቀት ልምታው ወይ ትላለች።
መልስ፦ ኧረ በማርያም እንዳትነኪው! ቲክ ሲባል ሰው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ድፍን እንጨት ይመስለዋል። በፈረንጅ 1950ዎቹና 60ዎቹ የተሠሩት ቡፌዎች እግራቸውና ጠርዛቸው ድፍን ቲክ ሊሆን ይችላል፣ ሰፊው ገጽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቬኒር ነው፣ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ስስ የእንጨት ልባስ ማለት ነው፣ ከሥሩ ኮምፔንሳቶ ወይ ቺፑድ አለ። ማጭበርበር እንዳይመስልሽ፣ ቲኩ ከታይላንድና ከበርማ በመርከብ የሚመጣ ውድ እንጨት ነው፣ ደግሞም ሰፊ ድፍን ጣውላ እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቅበት ይጣመማል። እና ማሽኑን ስታስነሺው ቬኒሩን በልቶ ቺፑዱ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልስልሽም። ስንቱ ደህና ዕቃ እንዲህ ተበላሸ መሰለሽ! ይልቅ በሳሙና ውሃ የራሰ ጨርቅ አጥብቀሽ ጨምቀሽ ጥረጊው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ዘይት የጠጣ ዓይነት ከሆነ ስስ አድርገሽ የቲክ ዘይት ቀቢና ትርፉን ጥረጊ፣ ቫርኒሽ ካለው ግን ዘይቱ ስለማይገባ አትድከሚ። ነጭ ምልክት ብዙ ጊዜ ላይ ላዩን የቀረ እርጥበት ነው፣ ጥቁሩ እንጨቱ ውስጥ ስለገባ ለባለሙያ ስጪው። የዘይቱን ጨርቅ ደግሞ ጠቅልለሽ ጥግ አትወርውሪ፣ የተልባ ዘይት ካለበት በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፣ ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው።

ጥያቄ፦ ቲክ ውሃ አይፈራም ይባላል፣ ቡፌዬን በረንዳ ላውጣው?
መልስ፦ ውሃ የማይፈራው መርከብ የሚሠራበት ድፍን ቲክ ነው ወንድሜ። ያንተ በሙጫ የተለጠፈ ነው፣ ከላይ ያለውን አንብብ።

ጥያቄ፦ የዴንማርኩ ዲዛይነር የሀንስ ቬግነር ወንበር ነው ብለው ሸጡልኝ፣ ማኅተም ግን የለውም።
መልስ፦ ማኅተም ስለሌለው ብቻ ውሸት አይባልም፣ አንዳንዱ የወረቀት ምልክት ስለነበረ ይላቀቃል። በፈረንጅ የ1949ኙ ክብ ወንበሩ፣ የአሜሪካው ኬኔዲ በ1960 የምርጫ ክርክር በቴሌቪዥን ሲያደርግ የተቀመጠበት ዓይነት፣ ብዙ ተኮርጇል። ጨረታ ቤት አሳየው።

ጥያቄ፦ ጀርመን ያለ አንባቢ ጠረጴዛው ቲክ ሳይሆን የብራዚል ሮዝውድ የሚባል እንጨት ነው ተብሏል፣ ሸጦት አዲስ አበባ ሊገባ ነው።
መልስ፦ ቆይ፣ ማስታወቂያ እንዳትለጥፍ! ይሄ እንጨት በፈረንጅ ከ1992 ጀምሮ በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ጥብቅ ዝርዝር ውስጥ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ የ50ዎቹን ወይ የ60ዎቹን ዕቃ ለመሸጥ እንኳ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፣ ይዘኸው ልትወጣም ካሰብክ ሌላ ፈቃድ አለ። እዚህ ላይ የጓደኛ ምክር አይሠራም፣ የእኔም ጭምር፣ የአካባቢህን የተፈጥሮ ጥበቃ ቢሮ በጽሑፍ ጠይቅና መልሱን ያዝ። ቲክ ሆኖ ከተገኘ ግን ሳይተስ ስለማይመለከተው በሰላም ሽጠው።