ሂት ፓምፑ ይቀየር ብለሽ ከመፈረምሽ በፊት

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንኳን ማርያም ማረችሽ። «ቨርጂኒያ ታውን ሃውስ ከገዛን የመጀመሪያው ዊንተር ነው። ቴርሞስታቱን 72 ፋራናይት ላይ ብናደርገውም ቤቱ ከ64 አያልፍም። የውጪው ማሽን በረዶ ለብሷል። የመጣው ካምፓኒ ኮምፕረሰሩ ሞቷል፣ ሁሉም ይቀየር ብሎ 12 ሺህ ዶላር ጠየቀን። አራስ ነኝ፣ ምን ላድርግ?» ነው ያልሽው። የዛሬ ሦስት ዓመት በገና ሰሞን እኔ ላይ የደረሰው ቁርጥ ይሄ ነው። እኔም ቨርጂኒያ ነኝ፣ ማናሳስ። የኔም ቤት ጋዝ የለውም፣ ሁሉ ነገር በኤሌክትሪክ ነው። ያንቺም እንደዚያው ነው ብዬ ልቀጥል። ሂት ፓምፕ ማለት ከውጪው አየር ሙቀት ስቦ ቤት የሚያስገባ ማሽን ነው፤ ኮምፕረሰር የሚሉት ሞተሩ ሪፍሪጀራንት የሚባለውን ጋዝ ያዞራል። ከዚህ በኋላ የማሽኑ ጋዝ ስልሽ እሱን ማለቴ ነው። ረጅም ነው፣ ሕፃኑ ሲተኛልሽ አንብቢው።

1. በረዶውን ወጥተሽ በደንብ እዪው። ቀጭን፣ ነጭ፣ እንደ ውርጭ ያለ ከሆነ ጤነኛ ነው። ብርዱ ወደ 40 ዲግሪ እና ከዚያ በታች ሲወርድ የአየሩ እርጥበት የማሽኑ ቱቦ ላይ ይረጋል። ማሽኑም በየሰዓቱ ወይም በየሰዓት ተኩሉ ራሱ ያቀልጠዋል። ዲፍሮስት የሚሉት እሱን ነው። የውጪው ፋን ቀጥ ይላል፣ የሚያስደነግጥ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ይወጣል። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ስንቱ ሰው እሳት ተነሳ ብሎ ብሬከር አጥፍቷል! ግን ከላይ እስከ ታች ወፍራም በረዶ ከሆነና ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቀሽ ካልቀለጠ፣ ዲፍሮስቱ አልሠራም ማለት ነው።

አሁን ያንን ሰውዬ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ኮምፕረሰሩ ከሞተ በረዶውን ማን ሠራው? ስኖው ወይም የሚረጋ ዝናብ ካልወረደበት በስተቀር፣ ቱቦው በረዶ የሚይዘው ኮምፕረሰሩ ጋዙን እያዞረ ስለሆነ ነው። የሞተ ማሽን ዝም ብሎ ብረት ነው። እኔ ይህንን ያወቅሁት ብዙ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው።

2. በረዶውን በቢላ፣ በመዶሻ፣ በምንም አትንኪው። ባለቤትሽንም ከልክዪው። ከበረዶው ስር ያሉት የብረት ቅጠሎች እንደ ወረቀት ስስ ናቸው፤ ቱቦው ከተበሳ ጋዙ ይወጣል፣ ያኔ እውነትም 12 ሺህ ይመጣል። ውጪው ከ32 በላይ ከሆነ የጓሮውን ቀዝቃዛ ውሃ በቀስታ ልቀቁበት። ዙሪያውን ስኖው ዛቁ፣ ሁለት ጫማ ያህል ክፍት ይሁን። ቀና ብለሽ ደግሞ የጣሪያውን አሸንዳ እዪ። እኛ ቤት አሸንዳው ልክ ማሽኑ አናት ላይ ያንጠባጥብ ነበር።

3. ቴርሞስታቱ። እዚህ ላይ ነው እኔ የተቃጠልኩት።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ቤቱ 61 ገባ። እናቴ ሳሎን ውስጥ ጋቢ ደርባ፣ ኮፍያ አድርጋ ቁጭ ብላ «ልጄ፣ አሜሪካ ያልከኝ ይሄ ነው ወይ?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ቤቱን ስንገዛ ሆም ዋራንቲ፣ የቤት ዕቃ ሲበላሽ እንጠግናለን የሚል ውል፣ ነበረንና ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት «እስከዚያው ኢመርጀንሲ ሂት ላይ አድርገው» አለችኝ። አደረግሁት። ቤቱ ሞቀ፣ እናቴም ጋቢዋን አወለቀች፣ እኔም ተደሰትኩ።

ምክሩ በራሱ ልክ ነው። የውጪው ማሽን በረዶ ከሆነ እሱን አሳርፎ ውስጥ ባሉት የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ብቻ መሥራት ለአንድ ሁለት ቀን ተገቢ ነው። አንቺም ሕፃን ስላለሽ ዛሬ እንደዚያ አድርጊ። የኔ ጥፋት አምስት ሳምንት መተዌ ነው። ለምን ተውኩት? ሆም ዋራንቲው እስኪመጣ እየጠበቅሁ! ሰው የላኩት በዘጠነኛው ቀን ነው። 100 ዶላር በር ላይ ተቀበለ። ማሽኑን እንኳ ሳይከፍት ሁለት ፎቶ አንስቶ ሄደ። ከዚያ በየቀኑ እኔ እደውላለሁ፣ እነሱ ያስጠብቁኛል። አንድ ቀን ሥራ ላይ፣ በእረፍት ሰዓቴ፣ 50 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። በመጨረሻ አንዱ አንስቶ «በየዓመቱ ሰርቪስ ያስደረግህበትን ደረሰኝ ላክ» አለ። ቤቱን ከገዛሁ ሰባት ወሬ ነው፤ የፊተኛውን ባለቤት ደረሰኝ ከየት አመጣለሁ? ይህንን ስለው «ውልህን አንብብ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እስከ ዛሬ ድምፁ አይረሳኝም።

በዚህ መሀል የመብራት ቢሉ መጣ። በዊንተር ከ200 የማያልፈው 750 ዶላር። ሒሳቡን ኋላ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ውስጥ ያለው ማሞቂያ 10 ኪሎዋት ነው። በቀን 14 ሰዓት ሲሠራ 140 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በ15 ሳንቲም ሲባዛ በቀን 21 ዶላር፣ በወር 630። ሂት ፓምፑ ደህና ሲሆን በዚያው ኤሌክትሪክ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሙቀት ይሰጥሻል። ስለዚህ «ኢመርጀንሲ» የሚለው ጽሑፍ ቴርሞስታትሽ ላይ ካለ ቀኑን ቁጠሪ። «ኦግዝ» የሚል ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ ግን አትደንግጪ፣ እሱ ብርዱ ሲበረታ ለእርዳታ የሚገባ ነው።

የከሰሉን ነገር ሳልናገር አላልፍም። እናቴ ለገና ቡና ብላ ከሰል አያይዛ፣ ቤቱም እንዲሞቅ ሳሎን ልታስገባው ስትል በር ላይ ነው የደረስኩባት። እነዚህ ቤቶች የታሸጉ ናቸው። የከሰል ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት፣ ሽታ የለውም፣ ተኝተሽ ይወስድሻል። እናትሽ ወይም አማትሽ ሊያርሱሽ መጥተው ከሆነ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ከሌለሽም ግዢ።

4. የሽያጩ ሰው። ለኔ የመጣው 11,400 ዶላር ጻፈና «ዛሬ ከፈረምክ 800 እቀንሳለሁ» አለ። ልፈርም እስክሪብቶ ይዤ ነበር። ባለቤቴ ናት «እስኪ ከእድራችን ያን ልጅ ጠይቀው» ያለችኝ። ልጁ የማሞቂያና የኤሲ ቴክኒሻን ነው፣ ፈቃድ ያለው። ቅዳሜ ጠዋት መጣ። የማሽኑን ጎን ከፈተ። ሰርኪውት ቦርዱ ላይ ሁለት ነጥብ አገናኝቶ ዲፍሮስቱን በግድ አስነሳው። ፋኑ ቆመ፣ እንፋሎቱ ተነሳ፣ በረዶው እየተፈረፈረ ወረደ። «ጋሼ፣ ኮምፕረሰሩም ደህና ነው፣ ቫልቩም ደህና ነው። በረዶ መያዙን የሚነግረው ሴንሰር ነው የሞተው» አለኝ። ጣት የምታክል ሽቦ ናት። ዕቃውንም ጉልበቱንም ጨምሮ 180 ዶላር ወሰደ። ቡና ጠጥቶ ሄደ። ማሽኑ ይኸው ሦስተኛ ዊንተሩን እየሠራልኝ ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው ቴክኒሻን እንዲህ በዪው፦ «ዲፍሮስቱን በግድ አስነሳልኝና ልየው።» ይህቺን ዓረፍተ ነገር በቃልሽ ያዢ። እምቢ ካለ ሸኚው። ያንቺ ችግር ሴንሰሩ ላይሆን ይችላል፤ ቦርዱ፣ ቫልቩ ወይም የጋዝ ማነስ ሊሆን ይችላል። ጋዝ እንሙላ ካለሽ የት እንደሚፈስ ፈልጎ ያሳይሽ። ጋዝ እንደ ነዳጅ አያልቅም፣ ከጎደለ የሆነ ቦታ ፈሷል።

«ያንቺ ጋዝ ስለተከለከለ መጠገን አይቻልም» የሚሉም አሉ። ሐሰት ነው። ከጥር 2025 ጀምሮ የቀረው አር-410ኤ በሚባለው ጋዝ የሚሠራ አዲስ ማሽን ማምረት ነው። ያለውን መጠገንም መሙላትም ይቻላል። «ከታክስ 2,000 ዶላር ይመለስልሻል» ካሉሽም ተጠንቀቂ፤ ያ የፌዴራል ቅናሽ ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለሚገጠም አይሠራም። «ሂት ፓምፕ ለብርድ አይሆንም» የሚሉትን ደግሞ ሜይንን ጠይቁ በያቸው። እንደዚያ የሚበርድ ስቴት እስከ 2023 ድረስ ከ100 ሺህ በላይ አስገጥሟል። ማሽኑ ለብርድ የተሠራ መሆን አለበት እንጂ ይሆናል።

5. ከተጠገነ በኋላ። ማታ 62፣ ጠዋት 72 የሚባለውን ነገር ተዪ። ሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ ባደረግሽ ቁጥር ያ ውድ ማሞቂያ ይነሳል። እኛ ቤት ሌት ተቀን 69 ነው። ፊልተሩን በየወሩ እዪ። ከቬንቱ የሚወጣው አየር እጅሽን ካላቃጠለሽ ተበላሸ አትበዪ፤ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚወጣው፣ ሰውነትሽ ደግሞ 98 ነው፣ ቀዝቃዛ ይመስልሻል። የኩሽና ቴርሞሜትር ወስደሽ አየር የሚስበውንና የሚያወጣውን ለኪ። ልዩነቱ 15 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ እየሠራ ነው።

አሁን ፎቶ ላኪልኝ። አንዱ የቴርሞስታቱ ስክሪን፣ ሌላው በረዶ የያዘው ማሽን በአራቱም ጎን። የእድራችን ልጅ እስከ ዉድብሪጅ ይመጣል፤ ስልኩን ለብቻ እልክልሻለሁ። እስከ ቅዳሜ ምንም ወረቀት ላይ አትፈርሚ።