ካሜራ ይዛችሁ ወንዝ ዳር ለምትወጡ ልጆቼ

ወፍ ማንሳት ስጀምር ብዙ የሄደ ብዙ ያገኛል ብዬ አምን ነበር። ወንዙን ይዤ ከጠዋት እስከ ማታ እጓዛለሁ። ቤት ገብቼ ሳየው ያነሳሁት የሚሸሽ ወፍ ጀርባ ነው። መቀመጥን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። እናንተ ከዛሬው ተቀመጡ።

ፀሐይዋ ብዙም ሳትወጣ ድረሱ፤ ብርሃኑ ከጀርባችሁ ይሁን። ዓሣ አጥማጁ ወፍ ልማደኛ ነው። ውሃው ላይ ያዘነበለች አንዲት ቅርንጫፍ ከወደደ ደጋግሞ ይመለስባታል። ሥሯ ያለው ድንጋይ ላይ ነጭ ኩስ ካያችሁ እሷን ጠብቁ። ሲበር አትከተሉት።

ዝቅ በሉ። ቢያስፈልግ በደረታችሁ ተኙ። ሌንሱ ከወፉ ዓይን ትይዩ ሲሆን ፎቶው ሌላ ሕይወት ያገኛል። ፎከሱም ዓይኑ ላይ ይሁን። ለተቀመጠ ወፍ 1/500 ሰከንድ የሻተር ፍጥነት (ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበት ጊዜ) ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ለሚበር ግን 1/2000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ያስፈልጋል። አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ከፍ አለ ብላችሁ አትጨነቁ። ጠቆር ያለ ውሃ ላይ ለቆመ ነጭ ወፍ ኤክስፖዠሩን (ፎቶው የሚቀበለውን ብርሃን) ቀነስ አድርጉ፤ አለዚያ ላባው ነጥቶ ይጠፋል። ወፎች አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥመው ነው የሚነሱት። ስለዚህ ነፋሱ ከኋላችሁ ከመጣ ወደ እናንተ ይበራሉ። ረጅም ሌንስ ከሌላችሁ ወፉን ከነወንዙ፣ ከነጭጋጉ አንሱት። እኔ እንዲያውም እንዲህ ያለውን ፎቶ አብልጬ እወዳለሁ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ጠጠሩ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ክንፏን እየጎተተች ስትሄድ አየሁ። የተሰበረች መስሎኝ እየተከተልኩ አነሳኋት። እሷ ግን ደህና ነበረች። ከእንቁላሎቿ ልታርቀኝ ነበር እንደዚያ የምትሆነው። መሬት ላይ የሚጥሉ አንዳንድ ወፎች ጠላት ሲጠጋቸው እንዲህ ያደርጋሉ። ይህን ሳላውቅ እዚያው ብዙ ቆየሁ፤ እንቁላሎቹም በጠራራ ፀሐይ ያለ እናት ቆዩ። ይፈልፈሉ አይፈልፈሉ አላወቅሁም። ዛሬም ያሳስበኛል።

ስለዚህ አደራ። ወፉ መብላቱን ትቶ ቀና ካለ፣ አንገቱን ካሰገገ፣ ቀርባችሁታል ማለት ነው። ወደ ኋላ በሉ። ጎጆ ካያችሁ አትጠጉ። ለፎቶ እንዲመች ብላችሁ ቅጠል አትቁረጡ፤ ጫጩቶቹን ከፀሐይና ከአዳኝ የሚሸፍናቸው እሱ ነው። ጎጆው ያለበትን ቦታ ኢንተርኔት ላይ አትለጥፉ። በስልክ የወፍ ድምፅ እያሰሙ መጥራትም ይቅርባችሁ። ተቀናቃኝ የመጣ መስሎት ጎጆውን ጥሎ ይወጣል፣ ጉልበቱንም በከንቱ ይጨርሳል።

ስትጨርሱ ቀስ ብላችሁ ተነሱ። በመጣችሁበት መንገድ፣ ወፉ ገና ቅርንጫፉ ላይ እያለ፣ ሹልክ ብላችሁ ሂዱ።