የልጅሽ ቡድን ኃያሉን ማሸነፍ ይችላል ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን እንዳየሁት ነው መልስ መጻፍ የጀመርኩት። ልጅሽ የምትጫወትበት ትንሽ ኮሌጅ የምድቡን (አብረው የሚወዳደሩ ኮሌጆች ማኅበር) ዋንጫ ወስዶ ለአሜሪካ ብሔራዊ የሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ውድድር አልፏል፤ አሥራ ስድስተኛ ደረጃ (ውድድሩ በአራት ክፍል ተከፍሎ በየክፍሉ ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት ደረጃ ይሰጣል፤ ይህ የመጨረሻው ነው) ተሰጥቶት አንደኛ ደረጃ ካለው ቡድን ጋር ተደልድሏል። አንቺም «የማሸነፍ ዕድል አላቸው ወይ? ወይስ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ፣ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጬ የምሄደው ስትሸነፍ ለማየት ነው?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ አብዛኞቹ «ለእግዚአብሔር የሚሳነው የለም» ብለው አልፈዋል። እኔም አምናለሁ። ነገር ግን የእኔ ልጅ ልክ እንዳንቺ ልጅ በትንሽ ኮሌጅ ማልያ ከእንዲህ ዓይነት ቡድን ጋር ተጫውታለች፤ ስለዚህ ከጸሎቱ ጎን ለጎን ልታውቂው የሚገባ ነገር አለ።

ኃያል ቡድን ይሸነፋል፤ ደጋግሞም ተሸንፏል። በመጀመሪያው ዙር፣ በገዛ ሜዳው፣ በአሥራ ስድስተኛው ቡድን መሸነፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እስከ 2025 ውድድር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ድረስ በሴቶቹ ይህ የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1998 ሃርቫርድ ስታንፎርድን 71 ለ 67 አሸነፈ፤ ያውም ስታንፎርድ 59 ጨዋታ በተከታታይ ባሸነፈበት አዳራሽ። ሰዎች ይህን ሲያወሩ ተአምር ያደርጉታል። ውስጡን ስታዪው ግን ምክንያት አለው። ስታንፎርድ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ሁለት ዋና ተጫዋቾቹን በጉልበት ጅማት ጉዳት አጥቷል። ሃርቫርድ ደግሞ አሊሰን ፊስተር ነበረችው፤ በዚያ ዓመት በጨዋታ አማካይ ነጥብ ከመላው አሜሪካ ቀዳሚዋ። በዚያ ምሽት ብቻዋን 35 ነጥብ አስቆጥራለች። እንዲህ ዓይነት ተጫዋች ያለውን ቡድን አሥራ ስድስተኛ ማለት በእኔ አስተያየት የመዳቢዎቹ ጥፋት ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ልጅሽን ጠይቂያት፦ ከተጋጣሚው ቡድን የተጎዳ አለ ወይ? ከእናንተስ ማንም ሊያቆማት የማይችል አንዲት ልጅ አለች ወይ? ለሁለቱም መልሱ «የለም» ከሆነ የሚከተለውን አንብቢ።

አንደኛ፤ የጨዋታው ፍጥነት መቀነስ አለበት። አንድ ቡድን ኳስ ይዞ ሳይወረውር መቆየት የሚችለው 30 ሰከንድ ነው። ያንን ጊዜ እስከ መጨረሻው አሟጥጦ የሚጠቀም ትንሽ ቡድን ተጋጣሚው የሚያገኘውን የማጥቃት ዕድል ያሳንሰዋል። የጥቃቱ ቁጥር በበዛ መጠን የኃያሉ ብልጫ እየወጣ ይሄዳል፤ ቁጥሩ ካነሰ ግን ሁለት ሦስት የሳቱ ኳሶች ውጤቱን ሊለውጡት ይችላሉ። በ2023 ስምንተኛ ደረጃ የነበረው ኦሌ ሚስ (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ) አንደኛውን ስታንፎርድን እዚያው ስታንፎርድ ሜዳ ላይ ያሸነፈው 54 ለ 49 ነው። ቁጥሩን ተመልከቺው። በማጥቃት አላሸነፉም፤ በመከላከል አንቀው ነው የያዟቸው። የልጅሽ ቡድን ምድቡን ያሸነፈው በሩጫና በፈጣን ማጥቃት ከሆነ አሰልጣኟ ለአንድ ሳምንት ሌላ ሰው መሆን ይኖርባታል።

ሁለተኛ፤ ማንን ክፍት እንደሚተዉ አስቀድመው መወሰን አለባቸው። ሳውዝ ካሮላይና በ2023 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ፣ 36 ለ 0 ሆኖ፣ ካለፈው ዓመት ጋር 42 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነው ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰው። እዚያ የገጠሟቸው አዮዋዎች በቁመትም በጉልበትም አይተካከሏቸውም ነበር፤ በሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ በመያዝ) እጥፍ ያህል ተበልጠዋል። ያደረጉት ግን ግልጽ ነው። ከርቀት መወርወር የማይሆንላቸውን ልጆች «ወርውሩ» ብለው ትተው ተከላካዮቻቸውን ከቀለበቱ ሥር ሰበሰቡ። በዚያ ላይ የአዮዋዋ ኬትሊን ክላርክ 41 ነጥብ አስቆጠረች፤ 77 ለ 73 አለቀ። በ2013 ደግሞ ሉዊቪል ቤይለርን ገጠመ። ቤይለር ባለፈው ዓመት 40 ለ 0 ሆኖ ዋንጫ የወሰደ ቡድን ነው፤ መሐል ላይ ቁመቷ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነችው ብሪትኒ ግራይነር አለች። ሉዊቪሎች በእሷ ላይ ሁለትና ሦስት ሆነው ተረባረቡ፤ ከሦስት ነጥብ መስመር 25 ወርውረው 16 አገቡና 82 ለ 81 አሸነፉ። ይህን የምነግርሽ የሦስት ነጥብ ውርወራ የትንሽ ቡድን ትልቁ መሣሪያ ስለሆነ ነው። ልጄ የምትታወቀውም በዚሁ ነው፤ ከጎዳናችን ዳር ባለው ሜዳ፣ በዳላስ ሐምሌ ሙቀት፣ አባቷ ኳስ እያቀበላት የለመደችው ነው።

ሦስተኛውን ነገር ማንም አይነግርሽም። ኃያሉን የሚያሸንፍ ቡድን አንዳንዴ አስቀድሞ በዚያው ኃያል የተመታ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ጨዋታ እኛ ወደምንኖርበት ዳላስ ሲመጣ ልጄን ይዣት ሄጄ ነበር፤ ያኔ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ የወሰደ፣ 111 ጨዋታ ሳይሸነፍ የመጣ ቡድን ነው። ተጋጣሚው ሚሲሲፒ ስቴት ባለፈው ዓመት በዚሁ ቡድን 98 ለ 38 ተሸንፏል። በስድሳ ነጥብ! ልጄ «እማዬ፣ እነዚህ ለምን መጡ?» አለችኝ። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሞርጋን ዊሊያም ኳሱን ይዛ ወደ ቀኝ ነዳች፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ነው፤ ከልጄ አሁን ታንሳለች። ዘላ ወረወረች፤ ገባ፤ 66 ለ 64። አዳራሹ ውስጥ የማይተዋወቅ ሰው ሲተቃቀፍ አይቻለሁ። ልጄ በዚያ ምሽት መኪና ውስጥ «እኔም ኮሌጅ እጫወታለሁ» አለች፤ ተጫወተችም። የሚሲሲፒ ስቴት ልጆች ያንን የስድሳ ነጥብ ሽንፈት አንድ ዓመት ሙሉ ተሸክመውት ነበር። ማን ምን እንደሚያደርግ፣ የተጋጣሚያቸው ፍጥነት ምን ያህል እንደሆነ በሰውነታቸው ያውቁታል። የልጅሽ ቡድን ኃያሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በዚያች ቀን ከሆነ የመጀመሪያው ሩብ በመደንገጥ ብቻ ያልፋል። የእኛም እንደዚያው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ኃያሉን ጣሉ ብዬ የጠራኋቸው ቡድኖች በዚያ ዓመት አንዳቸውም ዋንጫውን አልወሰዱም። ሚሲሲፒ ስቴት በፍጻሜው በሳውዝ ካሮላይና 67 ለ 55፣ አዮዋ በኤልኤስዩ (በሉዊዚያና ስቴት) 102 ለ 85፣ ሉዊቪል በኮነቲከት 93 ለ 60 ተሸንፈዋል። ሃርቫርድም በቀጣዩ ዙር በአርካንሶ ወድቋል። ኃያሉን ለመጣል ያላቸውን ሁሉ ከፍለው ስለጨረሱ ይመስለኛል።

አራተኛ፤ ሜዳው። ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው፤ እኔንም እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። በወንዶቹ ውድድር የመጀመሪያዎቹ ዙሮች የሚካሄዱት በገለልተኛ ከተማ ነው። በሴቶቹ ግን ከፍተኛ ደረጃ የተሰጣቸው 16 ቡድኖች (ከየክፍሉ የመጀመሪያዎቹ አራት) የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በገዛ ሜዳቸው ያስተናግዳሉ። ምክንያቱ አዳራሹ ባዶ እንዳይሆን ነው ይባላል። እሺ፣ ለተመልካች ቁጥር ይጠቅም ይሆናል። ነገር ግን ያለውም የሌለውም እኩል በማይታይበት አዳራሽ «ትናንሾቹ ለምን አያሸንፉም» ብሎ መጠየቅ ተገቢ አይደለም። ከላይ ከዘረዘርኩልሽ መካከል ሚሲሲፒ ስቴትም፣ አዮዋም፣ ሉዊቪልም ያሸነፉት ከኃያሉ ሜዳ ውጭ ነው።

የአስተናጋጁ ሜዳ ማለት ደግሞ የአስተናጋጁ በር፣ የአስተናጋጁ መስኮት፣ የአስተናጋጁ ሠራተኛ ማለት ነው። ለተጫዋች ቤተሰብ ትኬት በስም ዝርዝር ይያዛል፤ መታወቂያ አሳይተሽ ትገቢያለሽ። እኔና ባለቤቴ ጨዋታው ከመጀመሩ ብዙ ቀድመን ደረስን። ልጄ በአባቷ ስም ነው የምትጠራው፤ በእኔ መታወቂያ ላይ ያለው የእኔ አባት ስም ነው፤ በባለቤቴ ላይ ያለው የእሱ አባት። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ግን ዝርዝሩን አየች፣ መታወቂያዎቻችንን አየች፣ «ሦስት ሰው ሦስት የቤተሰብ ስም፤ ቤተሰብ መሆናችሁን በምን አውቃለሁ?» አለችን። ባለቤቴ በትሕትና አስረዳት፤ የልጄ የመጨረሻ ስም የእሱ የመጀመሪያ ስም መሆኑን በጣቱ እየጠቆመ አሳያት። ልጄ በማልያ ሆና የተነሳችውን ፎቶግራፍ አሳየኋት። «ፎቶ ማንም ሊኖረው ይችላል፤ ሰልፉን ልቀቁ» አለች። ከኋላችን የነበሩት የልጄ የቡድን ጓደኛ ወላጆች መታወቂያቸውን ገና ከማውጣታቸው አለፉ። ኃላፊዋን ጠራናት፤ ኃላፊዋ ከሠራተኛዋ ባሰች። ለኮሌጁ ደወልን፤ ረዳት አሰልጣኙ ሜዳ ላይ ስለነበረ አላነሳም። ግድግዳው በሕዝቡ ጩኸት ሲነቃነቅ እኛ ኮሪደር ላይ ቆመናል። በመጨረሻ በሌላ መስኮት በሙሉ ዋጋ ትኬት ገዝተን ከጣሪያው ሥር፣ ከጥግ ተቀመጥን። የመጀመሪያው ሩብ አልቆ ነበር። ልጄ በዚያ ሩብ በሕይወቷ ትልቁን የሦስት ነጥብ ኳስ አግብታለች፤ ዞር ብላ ለቤተሰብ የተመደበውን ቦታ እንዳየችም ነግራኛለች። እኔ ያንን ኳስ ያየሁት በቪዲዮ ነው። ለአዳራሹ አስተዳደር ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የመጣልኝ መልስ የአሠራር ደንባቸው ቅጂ ነው። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም።

ስለ ጨዋታው ልንገርሽ። ግማሹ ሲያልቅ በዘጠኝ ነጥብ ብቻ ነበር የምንመራው… ማለቴ የሚመሩን። የእነሱ ደጋፊዎች ዝም ብለዋል። በሦስተኛው ሩብ አሰልጣኛቸው አምስት ትኩስ ተጫዋቾች አስገባች፤ ማናቸውም ብትሆን በእኛ ኮሌጅ የመጀመሪያ ተሰላፊ በሆነች። የእኛ ልጆች ሰባት ሆነው ነው የሚፈራረቁት። እግራቸው ዛለ፤ ውርወራው ማጠር ጀመረ፤ ልዩነቱ ከሠላሳ በላይ ሆኖ አለቀ። ውጤቱን ብቻ ያነበበ ሰው ተራ ሽንፈት ነው ይላል። እኔ ግን ልጄ በዚያ ሜዳ አራት ሦስት ነጥብ ስታገባ፣ በሁለተኛው ሩብ የዚያ ትልቅ ቡድን አሰልጣኝ እሷን ለማስቆም ተከላካይ ስትቀይር አይቻለሁ። ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ለትንሽ ኮሌጅ ደግሞ ነገሩ ዓመት በዓመት እየከበደ ነው። ከ2021 ጀምሮ ተማሪዎች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ መዛወሩም ቀሏል። ትንሽ ኮሌጅ አንዲት ጎበዝ ልጅ ባፈራ ቁጥር ትልቁ ይወስዳታል። የእኛ ቡድን ኮከብ በዚያው ጸደይ ሄደች። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ ቤተሰቧን ታግዛለች። በአንጻሩ ከ2025 ጀምሮ በሴቶቹ ውድድር የሚሳተፍ ቡድን ለምድቡ ገንዘብ ያስገኛል፤ ወንዶቹ ይህንን ለአሥርተ ዓመታት ሲያገኙ ኖረዋል። ስለዚህ የልጅሽ ቡድን ቢሸነፍም ባዶ እጁን አይመለስም።

ሂጂ። ፈቃድሽን ዛሬ ጠይቂ። ሜዳ ላይ ስትደርሺ የውጤት ሰሌዳውን ትተሽ የትልቋን መሐል ተጫዋች ፋውል ቁጠሪ፤ በመጀመሪያው ግማሽ ሁለት ፋውል ከያዘች አሰልጣኟ ልታስቀምጣት ትችላለች፤ የልጅሽ ቡድን መትጋት ያለበት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ልጅሽ ጋር ደውዪ። በቤተሰብ ዝርዝሩ ላይ ያንቺንም የአባቷንም ሙሉ ስም ልክ በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል፣ ራሷ ትጻፈው፤ የእሷ የመጨረሻ ስም ከእናንተ እንደሚለይም ከጎኑ ታስፍርበት። የቡድኑን ሥራ አስኪያጅ ስልክ ቁጥር ያዢ፤ አሰልጣኞቹ በዚያ ሰዓት ስልክ አያነሱም። የልደት የምስክር ወረቀቷንም ቅጂ በቦርሳሽ ያዢ።