ከመስቀል በኋላ የሚደርቅ ችግኝ ጥፋቱ ከመደቡ ይጀምራል

ወንድሜ፣ የዝግባ፣ የጥቁር እንጨትና የወይራ ችግኞችህ እስከ ጳጉሜን ለምልመው ቆይተው ከመስቀል በኋላ መድረቃቸውን ነግረኸን «ጥፋቱ የአፈሩ ነው የጥላው?» ብለሃል። አፈሩም ድርሻ ይኖረዋል፤ የገደላቸው ግን ጥላው ነው።

1. አፈር። የተለመደው ልክ 3 እጅ የደን አፈር፣ 2 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። የአካባቢህ አፈር መረሬ ከሆነ ግን መረሬውን ወደ 1 አውርደህ አሸዋውን ወደ 2 ከፍ አድርገው። ድብልቁን አርጥበህ ጨብጠውና ከወገብህ ከፍታ ልቀቀው። መሬት ሲነካ ከፈረሰ ጥሩ ነው፤ ድቡልቡል እንደሆነ ከቀረ ችግኙ የሚያድግበት ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ውሃ ይቋጥርና ሥሩን ያፍነዋል። የደን አፈሩን ከአገር በቀል ዛፍ ስር ውሰድ። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያረጀ ዝግባና ወይራ አይጠፋም፤ ገበዙን አስፈቅደህ ከላይኛው አፈር ጥቂት ጆንያ ብትወስድ ይበቃሃል። የእነዚህ ዛፎች ሥር ፎስፈረስ ከሚያቀብለው ፈንገስ ጋር ተጣምሮ ይኖራል። ከፓቹላ (ከውጭ ከመጣ የጥድ ዓይነት) ስር ያለው ፈንገስ ዓይነቱ ሌላ ስለሆነ ለእነሱ አይሆንም። በደንብ ያልበሰበሰ ፍግ አትጨምር፣ ሥር ያቃጥላል።

2. ጥላ። ዳስ የግድ የሚያስፈልገው ዘሩ እስኪበቅልና ችግኙ ወደ ፕላስቲክ ከተዛወረ በኋላ ለ2 ወይም 3 ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲያ ዝግባና ጥቁር እንጨት ሳሳ ያለ ጥላ ቢቆይላቸው ይስማማቸዋል፤ ወይራ ቶሎ ይገለጥ፤ ዋንዛ፣ ብሳናና ኮሶ ሙሉ ፀሐይ ነው የሚፈልጉት። ጥቅጥቅ ያለ ዳስ ስር ወራት የከረመ ችግኝ ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ይመዘዛል፤ ቅጠሉ ሰፊና ስስ፣ ግንዱ ቀጭን፣ ሥሩ ጥቂት ይሆናል። ሐምሌ ሲተከል ደመናው ራሱ ጥላ ስለሚሆንለት ጉዳቱ አይታይም። መስከረም ሰማዩ ሲጠራ ቅጠሉ መጀመሪያ ነጣ ይላል፣ ቀጥሎ ከጫፉ ቡናማ ይሆናል፤ ያ ጥቂት ሥር ቅጠሉ የሚያተነውን ውሃ መተካት አይችልም።

የሚያናድደው፣ ችግኝ ሲረከቡ ብዙዎች የሚያዩት ቁመት ብቻ መሆኑ ነው። ቁመቱን በሴንቲ ሜትር፣ የግንዱን ውፍረት አፈሩ አጠገብ በሚሊ ሜትር ለካና ቁመቱን ለውፍረቱ አካፍል። 30 ለ5 ሲካፈል 6 ነው፣ ይተከል። 45 ለ5 ግን 9 ይመጣል፤ እንዲህ ያለው ረጅም ስለሆነ ብቻ መመረጥ የለበትም።

ለሐምሌ ተከላ ማጠንከሩን፣ ማለትም ችግኙን ፀሐይና የውሃ ማነስ ማለማመዱን፣ ግንቦት ላይ ጀምር። በመጀመሪያው ሳምንት ዳሱን ጠዋት ብቻ ግለጥ፣ በሁለተኛው እስከ ቀትር፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ጨርሰህ አንሳው። ውሃውንም ቀስ በቀስ ቀንሰህ በየሁለት ቀኑ አድርገው፤ ቅጠሉ እስኪጠወልግ ግን አትጨክን። ከፕላስቲኩ ስር የወጣውን ሥር በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ቁረጥ፤ ከመቁረጥህ በፊትም በኋላም አጠጣ፣ የመጨረሻው ቆረጣም ከተከላው 2 ሳምንት ቢያንስ ይቅደም። ዝግባውን ጭራሽ ሜዳ ላይ አትትከለው፣ ቁጥቋጦ አስጠግተህ ትከለው።

የደረቁትን ወይራዎች ደግሞ ገና አትንቀል። ግንዱን አፈሩ አጠገብ በጥፍርህ ፋቅ አድርገህ እይ፤ ከልጡ ስር አረንጓዴ ካለ ከታች ሊያቆጠቁጥ ስለሚችል ዙሪያውን ጉዝጓዝ አልብሰህ አጠጣው።