በአሮጌ ደብዳቤ የቤተ እስራኤልን (የኢትዮጵያ አይሁዶችን) የዘር ሐረግ መፈለግ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አያቴ ጎንደር ካለችው የአምቦበር መንደር ወደ እስራኤል ያስጻፏቸው ደብዳቤዎች እጄ ገብተዋል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሰላምታው ይጀምሩ። ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ የተደረደረውን ሰላምታ ዘሎ ወሬውን ብቻ ያነባል፤ የዘር ሐረጉ ግን ያለው እዚያው ነው። ሰላምታ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜና በክብር ስለሚቀርብ ማን የማን ታላቅ እንደሆነ ከቅደም ተከተሉ ይገመታል። እናቴ ዘንድ በነበረ አንድ ደብዳቤ አሥራ አንድ ሰዎች በስም ተጠርተዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት በመጣው ግን አሥር ብቻ ናቸው። የአያቴ እህት ያረፉበትን ዘመን ያወቅነው በዚያች በጎደለችው ስም ነው። ጸሐፊው ሌላ ሰው ከሆነም ስሙን ይመዝግቡ፤ ብዙውን ጊዜ ፊደል የቆጠረ የቅርብ ዘመድ ነው።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ» የተባለው ሰው በቤተሰባችን አይታወቅም።

መልስ፦ የአጎትና የአክስት ልጅም ወንድም ይባላል። ቤተ እስራኤል እስከ ሰባት ትውልድ የሚዛመዱ ሰዎች እንዳይጋቡ ስለሚጠነቀቁ ዘር ቆጠራን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ቄሶች አሉ፤ ስሙን ከነአባቱና ከነመንደሩ ይዘው ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ የእኔና የአጎቴ ልጆች የቤተሰብ ስም ለምን ተለያየ?

መልስ፦ በአገራችን ሰው በራሱና በአባቱ ስም ሲጠራ፣ እስራኤል ግን የቤተሰብ ስም ስለሚጠየቅ ብዙውን ጊዜ የአያት ስም ተመዘገበ። በተለያየ ጊዜ የገቡ ወንድማማቾች አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ሊመዘገቡ ችለዋል፤ በዚያ ላይ ብዙዎች የዕብራይስጥ ስም ተጨመረላቸው። ስለዚህ በመታወቂያ ስም አይፈልጉ። በአገራችን ሴት ካገባችም በኋላ የአባቷን ስም ስለምትይዝ የእናትዎን ወገን ለማግኘት ደብዳቤው ከመታወቂያው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ደብዳቤው «ታኅሣሥ 27 ቀን 1977» ይላል። በፈረንጅ መቼ ነው?

መልስ፦ ጃንዋሪ 5 ቀን 1985፣ ቤተ እስራኤልን ከሱዳን ወደ እስራኤል ያጓጉዝ የነበረው የሙሴ ዘመቻ በረራ የተቋረጠበት ዕለት ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ይደምሩ።

ጥያቄ፦ ቅድመ አያቴ የአውሮፓዊው አይሁዳዊ ምሁር የፋይትሎቪች ተማሪ ነበሩ ይባላል። የት ልፈልግ?

መልስ፦ ዣክ ፋይትሎቪች መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1904 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን፣ ሲመለሱ ታምራት አማኑኤልን ጨምሮ ወጣቶችን ወደ አውሮፓ ወስደው አስተምረዋል። የሰበሰቡት መጻሕፍትና ወረቀት በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሲሄዱ የቅድመ አያትዎን ስም ከነአባታቸው በፊደላችን ጽፈው ይያዙ፤ በላቲን ፊደል አንዱ ስም ብዙ ዓይነት ሆኖ ይጻፋልና።