ፎቶ ሻርፕ ስናደርግ ቀለሙ እንዳይበላሽ፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ስለ ሻርፕ ማድረግ፣ ማለትም የፎቶን ጠርዞች አጉልቶ ስለማጥራት፣ ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ ዙሙን 100 ፐርሰንት ሳታደርጉ ምንም አትንኩ።

ሰብለ፦ ጋሼ፣ የሐበሻ ቀሚስ ሻርፕ ሳደርግ የቀዩ ጥለት ዳር ይበላሽብኛል። ነጩ ላይ ሰማያዊ የሚመስል መስመር ይወጣል፣ ቀዩም ይጦዛል።

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! አንሻርፕ ማስክ (ሻርፕ የሚያደርገው ፊልተር) ጠርዝ ፈልጎ ጨለማውን ወገን ያጨልማል፣ ብሩሁን ያበራል። ይህን የሚያደርገው ግን ፎቶው የተሠራባቸው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቻናሎች (የቀለም ክፍሎች) ላይ ለየብቻ ነው። ቀይ ጥለት ነጭ ሸማ ሲነካ ቀዩ ቻናል ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ሌሎቹ ሁለቱ ላይ ግን ትልቅ። እኩል ስለማይገፉ ቀለሙ ይዛባል። ስለዚህ ብርሃኑን ብቻ ነው ሻርፕ የምታደርጊው። ፎቶሾፕ ላይ ሌየሩን (የፎቶውን ንብርብር) ኮፒ አድርጊ፣ አንሻርፕ ማስክ ኮፒው ላይ ሥሪ፣ ከዚያ ብሌንድ ሞዱን (ከታችኛው ሌየር ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) ወደ ሉሚኖሲቲ፣ ማለትም ብርሃን ብቻ፣ ቀይሪ። ቀለሙ ከታችኛው ሌየር እንዳለ ይቀራል። ወይም ብርሃንና ቀለም የሚለያዩበት ላብ ሞድ ገብተሽ የብርሃኑን ቻናል፣ ላይትነስን፣ ብቻ ምረጪ፤ ቀለም የያዙት ኤ እና ቢ አይነኩም። እኔ ለሠርግ ፎቶ አማውንት (ጥንካሬው) 100፣ ራዲየስ (በጠርዙ ዙሪያ የሚሰፋው) 1፣ ትሬሽሆልድ (ከዚህ ያነሰ ልዩነት አይነካም) 3 አካባቢ እጀምራለሁ። ትሬሽሆልዱን ዜሮ አታድርጊው፤ የሙሽራዋ ቆዳ ላይ ያለውን ሁሉ ያወጣዋል።

ሚኪ፦ ስንት ላይ ላድርገው?

መልስ፦ ምኑን? የምን ፎቶ? በስንት ሳይዝ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ካሌብ፦ ላብ አርጅቷል፣ ጠርዙን ብቻ ለይቶ የሚያወጣው ፊልተር፣ ሃይ ፓስ፣ ይሻላል።

ዮኒ፦ ሃይ ፓስም ቀለም ያመጣል እኮ።

ካሌብ፦ እኔ ላይ አምጥቶ አያውቅም። ካሜራህ ምንድነው?

ዮኒ፦ ኒከን።

ካሌብ፦ በቃ፣ የቆዳ ቀለም ካኖን ነው የሚያውቀው።

ዮኒ፦ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ፋይል) አንስተህ ታውቃለህ? ሮው ላይ ቀለሙን የምትወስነው አንተ ነህ!

መልስ፦ የካሜራውን ጭቅጭቅ ሌላ ቀን። ዮኒ ልክ ነው፣ ሃይ ፓስ የቀለም ርዝራዥ ይተዋል። ካሌብ፣ የሃይ ፓሱን ሌየር ዲሳቹሬት አድርገህ ግራጫ ካደረግከው በኋላ ብሌንድ ሞዱን ኦቨርሌይ አድርገው። አሁንም 100 ፐርሰንት ላይ እያያችሁ!

ትዕግስት፦ ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይስ?

መልስ፦ ዲቴይል የሚለው ክፍል ውስጥ ያለው ሻርፕኒንግ ብርሃኑን ነው የሚነካው፣ አትስጊ። ኪቦርዱ ላይ አልትን ይዘሽ ማስኪንግ የሚለውን ተንሸራታች ጎትቺ፤ ነጭ ሆኖ የሚታየው ብቻ ነው ሻርፕ የሚሆነው። ሰማይና ጉንጭ ጥቁር እስኪሆኑ ጎትቺው።

ቢኒ፦ እጄ ተንቀጥቅጦ የደበዘዘውንስ?

መልስ፦ በዚህ አይድንም።

ሚኪ፦ ጋሼ፣ ግን ቀለሙ ለምንድነው የሚቀየረው?

መልስ፦ ሚኪ፣ ለሰብለ የመለስኩትን አንብብ። ሁለቴ አልጽፍም።

ሐና፦ ቴሌግራም ላይ ስልከው ደግሞ ይደበዝዛል።

መልስ፦ መጀመሪያ ሳይዙን ቀንሺ፣ ሻርፕ የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ስትልኪ ደግሞ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኪው፤ በፎቶ ሲሆን ይጨምቀዋል።